ጣሪያ ያላት ጀልባ

አባታችን ባሕር አይተው አያውቁም። ከእንጦጦ ማዶ በቅሎ እየገዙ፣ ጉለሌ አምጥተው ለከተማ ሰው ሲሸጡ ያረጁ ሰው ናቸው። ታዲያ ምጽዋ የሚኖረው ታላቅ ወንድሜ ጀልባ ሊገዛ ሲነሳ ምክር የጠየቀው እሳቸውን ነው። በእኛ ቤት አባት ሳይመርጥና ሳይመርቅ በሬም አይገዛም፤ ጀልባስ ከበሬ በምን ይሻላል?

አባባ ፊደል ስለማይለዩ ደብዳቤ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። አስረኛ ክፍል ደርሻለሁ፤ በንባቤ የምኩራራ ልጅ ነኝ። ወንድሜ ሁለት ያገለገሉ የዓሣ ጀልባዎች አግኝቷል። አንዷ ጠባብ ናት፣ ቀለሟም ተላጧል፤ ሞተሯ ግን ደህና ነው። ሁለተኛዋ ሰፊ ናት፣ ጣሪያም አላት። ዓሣ ከማጥመድ አልፎ ለፋሲካ ስንሄድ ሁላችንንም አሳፍሮ ባሕሩን ሊያሳየን ይችላል። ከዚያ ቀጥሎ አንዲት መስመር አለች፦ «ሞተሯ ግን ጠዋት ጠዋት ያስላታል።»

እሷን መስመር ዘለልኳት።

ምን ነካኝ አልልም፤ የነካኝን አውቀዋለሁ። ባሕር ልሄድ ነው ብዬ ለጓደኞቼ አውርቼ ጨርሻለሁ። አባባ ደግሞ የሚያስል በቅሎ ደጃቸው እንኳ አያስቆሙም። ሳል ያለበት ከብት ዳገት ላይ ይከዳል ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ሞተር እንደሆነ ይጠገናል አልኩ በልቤ። ሞኝ!

አባባ ሰሙኝና በቅሎ ሲገዙ የሚጠይቁትን ጠየቁኝ።

«ነውር የለባትም?»

«የለባትም» አልኩ።

እንግዲያው ጣሪያ ያላትን ይግዛ ብለው መረቁት፤ ምርቃቱን ቃል በቃል ጽፌ ላክሁ። የወንድሜ መልስ ብዙም አልቆየም። አባባ ሳሏን ሰምተው ከናቁት እኔም ንቄዋለሁ ይላል። ያንንም ሳነብ ዘለልኩት። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ያልወጣውስ?

ፋሲካ አልደረሰልንም። በሁዳዴ እኩሌታ ላይ መርዶ ነጋሪዎች በማለዳ በራችን ላይ ቆሙ። ጀልባዋ ከወደቡ ርቃ ሳለች ሞተሯ ጠፋ፤ ነፋስም ተነሳ። እሷን ተገልብጣ አገኟት፣ ወንድሜን ግን አላገኙትም። የሚቀበር ስለሌለ ልብሱን ዘርግተን አለቀስን። አባባ ደረታቸውን እየደቁ፣ ሳላያት መረጥኩለት፣ ሳላያት መረጥኩለት ይላሉ። እኔ ከሁሉም አብልጬ ጮህኩ፤ ጎረቤቱም እንዴት ትወደው ነበር አለ። እውነት ነው፣ እወደው ነበር።

ከዚያ ወዲህ አባባ በቅሎ መርጠው አያውቁም። የሚያማክራቸው ሲመጣ ሌላ ሰው ጠይቁ ብለው ይመልሱታል። እኔም በየዓመቱ ዛሬ እነግራቸዋለሁ እያልኩ አሳደርኩት። ፈራሁ፣ ሌላ ምን ይባላል።

በመጨረሻ አልጋ ይዘው ሳሉ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ነበርን።

«ልጄን የገደልኩት እኔ ነኝ» አሉኝ።

«እርስዎ አይደሉም፣ አባባ።»

የቀረውን ልናገር አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ያጽናናኋቸው መሰላቸው። እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው፣ እንዲህ ያለ ደግ ልብሽን እግዚአብሔር ይጠብቅልሽ ብለው መረቁኝ።

አሜን አልኩ።