የተዘለለው አያት

ፍርዱን ለእግዚአብሔር ሰጥቶ አርፎ የሚቀመጥ ሰው አከብራለሁ። እኔ ግን ማመልከቻዬን ካስገባሁ በኋላ በየቀኑ ደጅ እየጠናሁ “ጉዳዬ ከምን ደረሰ?” የምል ዓይነት ሰው ነኝ።

በደርግ ጊዜ አንድ አብሮ አደጌ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቤ የተከለከለ ሬዲዮ እንደማዳምጥ ለቀበሌ ተናገረ። ሐሰት አልነበረም። እንዲያውም ጆሮዬ ያኔም ደከም ይል ስለነበር ድምፁን ከፍ አድርጌ ነበር የማዳምጠው፤ ብርድ ልብሱ ለወጉ ያህል ነው። ሰባት ወር ታሰርኩ። ስገባ ጠጉር ነበረኝ፣ ስወጣ አልነበረኝም። ባለቤቴ “ጠጉርህማ ከመታሰርህ በፊት ነው የሸሸው” ትላለች፤ እኔ ግን ክሱ ውስጥ አስገብቼዋለሁ።

በተፈታሁ ማግስት ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ወስዳ አቆመችኝና “እግዚአብሔር ይፍረድ በልና ተወው” አለችኝ። አልኩ። መላእክቱ ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ አልኩ። ከዚያ መጠበቅ ጀመርኩ። ሰውየው የሚኖረው እንደ እኔው ማይ ተመናይ ሰፈር ነበርና በየጠዋቱ ሲያልፍ አጠናዋለሁ፤ ያነክስ እንደሆነ፣ ጠጉሩ ሳስቶ እንደሆነ። ጭራሽ ወፈረ። ነጻነት በመጣ ጊዜ አስመራ ሁሉ ወጥቶ ሲጨፍር እኔም ጨፈርኩ፣ በአንድ ዓይኔ ግን እሱን እፈልግ ነበር። ሳገኘው እሱም ይጨፍራል፤ ከእኔ በተሻለ።

ያኔ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነበርኩ። እግዚአብሔር ሥራ በዝቶበት ይሆናል፣ ትንሽ ላግዘው ብዬ አሰብኩ። ሰውየውን ፌርማታ ላይ ካየሁት ማኪናዋን ሃያ እርምጃ ያህል አሳልፌ አቆማለሁ፤ እሱ ቦርጩን ይዞ ይሮጣል። ችግሩ አብሮት የቆመው ሕዝብም ይሮጣል። ዘንቢል ያንጠለጠሉ እናቶች ዘር ማንዘሬን እየረገሙ ይሳፈሩ ነበር። አንድ ቀን ከሯጮቹ መካከል ባለቤቴን አየኋት።

“ፍርዱን ለእግዚአብሔር ሰጥቻለሁ ብለህ መሪውን ለራስህ አስቀረኸው?” አለችኝ ቤት ስገባ። ያን ሳምንት ወጡ ውስጥ ጨው አላየሁም።

ከነጻነት በኋላ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ ሕዝቡ በሪፈረንደም ድምፅ የሚሰጥበት ቀን ሲቃረብ፣ መታወቂያ የሚያወጣ ሁሉ አባቱንና አገሩን የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች እንዲያቀርብ ተባለ። በዚያ ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ያ ሰው ነበር።

ባለቤቴ አስገባችው፣ ሻሂ ቀዳችለት።

“ሁለት ምስክር አግኝቻለሁ” አለ ብርጭቆውን እያየ። “ሦስተኛው የመንደራችን የዓዲ ጓዕዳድ ሰው ይሁን አሉኝ፣ አባቴን የሚያውቅ። የቀረኸው አንተ ነህ።”

“ሌሎቹስ?”

“ግማሹ ሞተ፣ ግማሹ ተሰደደ።”

“እኔ እንኳ የቀረሁት ታስሬ ስለነበር ነው።”

ባለቤቴ በዓይኗ ቆነጠጠችኝ። እሱ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

“ያኔ የቀበሌ ሰዎች እስከ ቅዳሜ አንድ ስም አምጣ፣ አለዚያ አንተው ትገባለህ አሉኝ። ፈራሁ። ያንተን ሰጠሁ። አንተን ሰው ሁሉ ይወድሃል፣ ቶሎ ይለቁሃል ብዬ ነው።”

“ወደዱኝ” አልኩት። “ሰባት ወር ሙሉ ወደዱኝ።”

አልሳቀም። “ካርዱን ካጣሁ ድምፅ አልሰጥም፤ ልጆቼም የሚመዘገቡት በእኔ ነው። ይህ አገርህ አይደለም ብባል የየት ሰው ነኝ ልበላቸው?”

አስብበታለሁ አልኩት። እንደወጣ ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። “አየሽ? ስምንት ዓመት ቆይቶ እግዚአብሔር በእጄ ጣለው።”

“እሱን በእጅህ ነው የጣለው ወይስ አንተን በእጁ?” አለችኝ። አልገባኝም፤ የገባኝ መስዬ ራሴን ነቀነቅሁ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ምዝገባው ሄድኩ። ሦስት ሽማግሌዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል፣ አንዲት ወጣት ታጋይ ትጽፋለች። አስቤ ነበር የሄድኩት። መሐላ ስለምፈራ ውሸት አልናገርም፤ ዝም ማለት ግን የትም አልተከለከለም።

ትልቁ ሽማግሌ ሰውየውን “አባቶችህን ቁጠር” አሉት። በእኛ መንደር ልጅ ንፍጡን መጥረግ ሳይችል ነው ይህን የሚማረው። እሱ ግን ላብ አጠመቀው። አባቱን ጠራ፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን፤ ቀጥሎ አንዱን ዘለለና የዘለለውን ሰው አባት ጠራ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ልጅቷ ብዕሯን ከወረቀቱ አነሳች።

“ወደይ” አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ። በሃምሳ ዓመቴ ልጄ የሚለኝ በማግኘቴ ደስ አለኝ። “ምስክሩ አንተ ነህ። ቆጠራው ልክ ነው?”

ሁሉ ተሰናድቶልኝ ነበር። ዝም ብል ይበቃ ነበር። ግን ያ የተዘለለው ሰው የእኔም የቅድመ አያቴ አባት ነው፤ የሁለታችን ሐረግ የሚገናኘው እሱ ላይ ነው። ሰባት ወሩን ችዬዋለሁ፤ አያቴን በፊቴ ሲዘሉብኝ ግን እንዴት ልቻል?

“ልክ አይደለም” አልኩ። ሰውየው ዓይኑን ጨፈነ። “አንዱን ዘሏል።”

ከዚያ አፌ አልቆም አለ። የተዘለለውን ሰው ቦታው መለስኩት፤ ወደ ላይ መንደሩን እስከመሠረቱት ድረስ ወጣሁ፤ ቁልቁል በሌላው ቅርንጫፍ ወርጄ እኔ ላይ ደረስኩ። ስጨርስ ልጅቷ ሁሉንም ጽፋዋለች። ምስክርነት መስጠቴን ያወቅሁት ያኔ ነው።

“ከዚህ ሰው ጋር ጠብ አለህ?” አለችኝ ከወረቀቷ ቀና ሳትል።

“አለኝ።”

“ታዲያ እንዴት መሰከርክለት?” አሉ ሽማግሌው።

“አቦይ፣ ይህ ሰው የእኛ ሰው ካልሆነ እኔ ይህን ሁሉ ዓመት ከማን ጋር ነው የተጣላሁት?”

ሳቁ። እኔ አልቀለድኩም ነበር። ፈረምኩ።

ውጭ ስንወጣ ክንዴን ያዘኝ። “የቐንየለይ፣ ሓወይ” አለ፤ ወንድሜ ብሎ አመሰገነኝና እንባውን በእጅጌው ጠረገ። እኔም ሰው ሲያለቅስ የምሆነውን ስለማላውቅ ተቆጣሁ።

“በየእሑዱ ቤቴ እየመጣህ ትቆጥራለህ” አልኩት። “አንድም ሳትዘል እስክትጨርስ ድረስ። ፍርድህ ይህ ነው።”

መጣ። ባለቤቴ በእኛ መሐል ተቀምጣ፣ ሲሳሳት እያየችኝ፣ ሳርመው እየሳቀችብኝ ሰማችው። በአራተኛው እሑድ አንድም ሳያጎድል ጨረሰ። በአምስተኛውም መጣ። ከዚያም በኋላ መምጣቱን አልተወም፤ እኔም ጨርሰሃል፣ ይብቃህ አላልኩትም።