ጆሮው ያልተቆረጠ ጥጃ

ከአስረኛ ክፍል አቋርጬ ነገሌ ውስጥ በሞተር ሰው የማመላልስበት ጊዜ ነው። ስወለድ እንደ ወጋችን ለእትብቴ ከተሰጠችኝ ጊደር ዘር አንዲት ላም ቀርታኝ ነበር። እሷም በድርቁ ጠፋች። ኋላ ሊበን ወረዳ፣ የሌላ ጎሳ ሰው በረት ውስጥ ተገኘች፣ ጥጃ አስከትላ። ጆሮዋ ላይ የጎሳችን ምልክት የሆነው ቁርጥ ስላለ እሷን የሚክድ የለም። የጥጃው ጆሮ ግን ሙሉ ነው። ሰውዬው «እኔ ጋ ተወለደ፣ የኔ ነው» አለ።

ሽማግሌ ሊቀመጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ዩኒቨርሲቲ የምትማረው እህቴ ለእረፍት መጣች። ስልኳ ላይ አረንጓዴ ክር ሲራወጥ አሳየችኝ።

«ምንድነው፣ የሰርግ መብራት?»

«የአይጥ ሴል ነው፣ ደንቆሮ። በሕይወት ያለ።»

ጄሊፊሽ የሚባል የባሕር እንስሳ ያበራል አለችኝ። የሚያበራውን ፕሮቲን የሚያሠራውን ጂን ወስደው ሴሉ ውስጥ ክሩን ከሚያሠራው ጂን ጋር ይቀጥሉታል። ከዛ ሴሉ ራሱ ክሩን ከነመብራቱ ይሠራል። ሳይቆርጡት፣ ሳይገድሉት ክሩ ወዴት እንደሚሄድ ያያሉ። እያየሁ ሴሉ ለሁለት ተከፈለ፣ ሁለቱም አበሩ።

«ልጁም ምልክቱን ይዞ ነው የሚወለደው?»

«ጂኑ ውስጡ ከገባ፣ አዎ።»

ግማሹ አልገባኝም። ይቺ ግን በቃችኝ።

በቀጠሮው ቀን ከሽማግሌዎቹና ከሰውዬው ጋር ዛፍ ስር ተቀመጥን። አካም፣ ናጋ ተባብለን ሰላምታ ስንጨርስ «የእናት ምልክት ልጅ ውስጥ ይገባል፣ ሳይንስ ነው» ብዬ የእህቴን ስልክ ለትልቁ ሽማግሌ ሰጠሁ። ብዙ አዩት።

«የሚያበራው የማነው?»

«የጄሊፊሽ ነው፣ አባ።»

«ገላውስ?»

«የአይጥ።»

«በአይጥ ገላ ላይ የሌላውን ምልክት አደረጉበት። አንተ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ይሄማ የከብት ሌባ ሥራ ነው። ለማን ነው የምትመሰክረው?»

ሳቁብኝ። ሰውዬው ራሱ ሳቀ።

ሽማግሌው ስልኩን መለሱልኝ። «ጥጃ የእናቱ ነው። ይሄን ለማየት መብራት አያስፈልግም» ብለው ፈረዱልኝ። ቀጥለው ቢላዋ አወጡ። «ያንተ ነው፣ ቁረጥ።»

ጥጃውን ያዝኩት። ጆሮው ይሞቃል። ምልክቱ ውስጡ ካለ ምን ብዬ ነው የምቆርጠው? ከሌለስ በምን የኔ ሆነ?

«ወይስ እስኪበራ እንጠብቅ?» አለ ሰውዬው።

ተናድጄ ቆረጥኩት። ጠማማ ወጣ። የኛ ቁርጥ አይደለም፣ የነሱም አይደለም። ሽማግሌዎቹ ጆሮውን ተራ በተራ እያገላበጡ ሲያዩ ቆዩ፣ ቁርጡ የየትኛው ጎሳ እንደሆነ የነገረኝ ግን የለም።