ጭነቱ ገና አልረጋም

አጎቴ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ የዘይት ቦቴ ይነዱ ነበር። ግማሹን ኮምቦልቻ አራግፈው ከሚሴ፣ በራችን ላይ ሲያቆሙ ቶሎ አይወርዱም። መኪናው ቆሞም ቢሆን የቀረው ዘይት በሆዱ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተላተመ ጋቢናውን ይገፈትረዋል። እኛ ልጆች ስንሮጥ በመስኮት መዳፋቸውን ያሳዩናል፤ «ኢጆሌ፣ ቆዩ! ጭነቱ ገና አልረጋም።» ፍሬኑን እንደረገጡ ይጠብቃሉ።

ከቀበርናቸው ወዲህ የቦቴ ፍሬን በሰማሁ ቁጥር ብድግ እላለሁ። በር እከፍታለሁ፤ መልሼ እዘጋለሁ። የዛሬ ሾፌሮች መኪናው ሳይረጋ ዘለው ይወርዳሉ። አቤት ሲያናድዱኝ!

ትናንት እናቴ ከበሩ ላይ ጎትታ አስገባችኝ። «ልጄ፣ ወንድሜ እንደሆነ ሄዷል። አንቺስ መቼ ነው የምትረጊው?» አለችኝ።

መዳፌን አሳየኋት።