በመዝገብ የገቡ ሦስት ዓሦች

በ2016 ዓ.ም. ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። ከባቡር ሥራ ጡረታ ወጥቼ እዚሁ ድሬ የዩኒቨርሲቲ በር እጠብቃለሁ። ፊደል የቆጠርኩት ካረጀሁ በኋላ በማታ ትምህርት ስለሆነ ጽሕፈቴ ጠማማ ነው። ቁጥር ላይ ግን አልታማም። በበሩ መዝገብ የሚገባውን ሁሉ ከነሰዓቱ እጽፋለሁ። ወንበር ቢገባ እጽፋለሁ፤ ፍየል ቢገባም እጽፋለሁ።

በዚያ ዓመት ዩኒቨርሲቲው የባሕር ዓሣ ተመራማሪ ሊቀጥር ተነሳ። ሰው ሳቀ። "ወንዛችን እንኳ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ነው፣ የምን ባሕር?" ተባለ። እኔም ስቄያለሁ። የክፍሉ ኃላፊ ግን አስረዳኝ። በቆላው የሚቆፈረው ጉድጓድ አንዳንዱ ውሃው ጨው ነው፤ ለከብትም ለማሽላም አይሆንም። ዓሣ ጨው ውስጥ እንዴት እንደሚኖር የሚያውቅ ሰው ከተገኘ ግን በዚያ ውሃ ዓሣ ይረባ ይሆናል። ይኼ ገባኝ። የቸገረው የሚቆይ ሰው ማግኘቱ ነበር። ከዚያ በፊት ሁለት ሰዎች ተመርጠው ነበር። አንዱ እንደ ምጣድ በሚግል ቆርቆሮ ቤት ሁለት ቀን አድሮ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ሌላው ጠዋት በመጣበት አውሮፕላን ማታ ተመለሰ።

ሦስተኛዋ ከደጋ የመጣች ልጅ ነበረች። ፈተናዋ አራት ሰዓት ላይ ነው። ከፈታኞቹ ፊት በሕይወት ያለ የባሕር ዓሣ አተነፋፈስ ልታሳይ ነው። ዓሣዎቹን ከጅቡቲ የሚያመጣው ጎረቤቴ ነው፤ የከባድ መኪና ሹፌር ነው።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ዓሣዎቹ ያሉበትን በርሜል በሩ ላይ አወረደው። ኃላፊው "በሕይወት መኖራቸውን አረጋግጠህ ተቀበል" ብሎኝ ስለነበር የእጅ ሰዓቴን ይዤ የአንዱን ጉንጭ ቆጠርኩ። በደቂቃ ሰባ ጊዜ ይከፍታል። ጻፍኩት፦ "ዓሣ 3። በሕይወት። ጉንጭ 70።"

ሹፌሩ ሻይ ሊጠጣ ሄደ። ፀሐይዋ ከረረች። የበርሜሉ ውሃ መንገድ ላይ ግማሹ ፈስሷል፤ ዓሣዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ። አንጀቴን በሉት። በዚህ ሙቀት ለተጠማ ውሃ የማይሰጥ ምን ዓይነት ሰው ነው? የቧንቧችን ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ ድንጋይ የሚያበቅል ነው፤ እሱን ለእንግዳ አልሰጥም አልኩ። ከደንገጎ ተራራ የመጣልኝን፣ ለራሴ መጠጥ ያስቀመጥኩትን የምንጭ ውሃ ሁለት ጀሪካን ገለበጥኩላቸው። እሱንም ጻፍኩ፦ "ውሃ 2 ጀሪካን ገባ።"

ሁለት ሰዓት ላይ ልጅቷ ስትመጣ አንዱ ዓሣ በጎኑ ተኝቷል። ጣቷን ውሃው ውስጥ ነክራ ቀመሰችና ፊቷ ተለወጠ።

"ማነው ጨው የሌለው ውሃ የጨመረበት?"

ሹፌሩ ከኋላዋ ሆኖ በዓይኑ ጠቀሰኝ። ሳብ አድርጎኝም "አቦ፣ ወላሂ፣ የመዝገቡን ገጽ ቅደዳት። ማን ያያል?" አለኝ።

"እኔ።"

"ግትር ሽማግሌ!"

መዝገቡን ዘርግቼ ሰጠኋት። "እኔ ነኝ፣ ልጄ። የተጠሙ መስሎኝ ነው።"

አነበበች። ትቆጣለች ስል "ሰባ? ውሃው ከመግባቱ በፊት ቆጥረዋል?" አለችኝ።

"ቆጥሬያለሁ። ደግሞ ድሬ ነው፣ አንቱ የለም፣ አንተ በይኝ።" እስከ ዛሬም አልለመደችም።

ሰዓቴን ተቀብላ ቆጠረች። መቶ አሥር። "ጻፉት" አለችኝ። ጻፍኩ። ከዚያ ደረቅ ጨው ፈለገች፣ የባልትናውን ሳይሆን ድፍኑን። በባጃጅ ቀፊራ ገበያ ከንፌ ገዝቼ መጣሁ። ጨውን በባልዲ እያሟሟች፣ የጨዉን ልክ በአንድ ዓይን በሚታይበት ቧንቧ መሳይ መሣሪያ እያየች፣ በኩባያ በኩባያ ትጨምር ጀመር። "በአንዴ አይሆንም፣ ይደነግጣሉ" አለች።

አራት ሰዓት ሆነ። ዓሣዎቹን ማንቀሳቀስ ስላልቻለች ሦስቱ ፈታኞች ወደ በሩ ጥላ መጡ። እሷም ሳትደብቅ ነገረቻቸው። የባሕር ዓሣ ውሃ ይጠጣል፤ ጨዉን በስንጥቡ፣ ጉንጩ ሥር ባለው መተንፈሻው፣ ያስወጣል። ጨው የሌለው ውሃ ሲመጣበት የለመደው ሥራ ይገለበጥበታል፤ ሰውነቱ በውሃ ይሞላል። "ልነግራችሁ ያሰብኩትን አባባ ሠርተው አሳይተዋል" ብላ መዝገቡን ከፈተች።

አንደኛው ፈታኝ መነጽሩን ከፍ አደረገ። "የበር ጠባቂ ቆጠራ ማስረጃ ይሆናል እንዴ?"

"አንተን ዛሬ ሦስት ሰዓት ከሃያ ገባ ብዬ ጽፌሃለሁ" አልኩት። "ተሳስቻለሁ?"

ሌሎቹ ዞረው አዩት። "ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ቢሮ ነበርኩ አላልክም?" አለው አንዱ። ሳቅ ሆነ። እሱም ሳቀ። ሰዓቴን ወስዶ ራሱ ጎንበስ ብሎ ቆጠረ። ሰማንያ ሁለት። በጎኑ የተኛውም ቀና ብሎ ነበር።

ከምሳ በፊት ኃላፊው "ሥራው ያንቺ ነው" አላት። እሷ ግን ላቧን ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። "አባባ፣ ሙቀቱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?"

"ኧረ ገና ሚያዝያ ነው። ግንቦትና ሰኔ ይብሳል።"

ኃላፊው በዓይኑ ሊበላኝ ደረሰ። ምን ላድርግ፣ መዋሸት አልችልበትም።

"እንቅልፍ የሚያስተኛ ቤት ካላየሁ አልፈርምም" አለች። "እስከ ነገ ቀትር እጠብቃለሁ።" ኃላፊው ወደ እኔ ዞረ። ያሉትን ቤቶች እሱም እኔም እናውቃቸዋለን፤ ሁሉም ቆርቆሮ ናቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ተረኛ አልነበርኩም። ገና ሳይሞቅ ከዚራ ሰፈር ሄጄ የባቡር ባልደረባዬን ሚስት በር አንኳኳሁ። ባሏ ከሞተ ወዲህ የጓሮው ክፍል ተዘግቷል። ግድግዳው ወፍራም ድንጋይ፣ ጣሪያው ረጅም፣ ደጁ ላይ ዛፍ ያለበት ነው። ለልጅቷ እንድታከራየው ጠየቅኳት።

"ለላጤ አላከራይም" አለችኝ። "እንግዳ ታበዛለች።"

"የሷ እንግዳ ዓሣ ነው። አያወራም።"

"ይሸታላ!"

"ያንቺ ዶሮዎችስ ሽቶ ይቀባሉ?"

"አንተ ሰውዬ፣ ሞትም አይፈልግህ!" ብላ እየሳቀች ቁልፉን ወረወረችልኝ። መስኮቶቹን ከፋፈትኩ፣ የሸረሪት ድሩን ጠረግኩ፣ ወለሉ እንዲቀዘቅዝ ውሃ ረጨሁበት፤ ከዚያ ቀትር ሳይደርስ ቤቱን እንድታይ ልጅቷን ላመጣ ባጃጅ አስቆምኩ።