አባቴ የቆረጠሙት በረዶ

እኔ ዝም ብሎ መቀመጥ አይሆንልኝም። አርብ ገበያ ከተማ ካለችው የለስላሳ ሱቄ ውስጥ እጄ ቢያርፍ አፌ አያርፍም፤ በመጋቢት ሐሩር ከፍሪጁ በረዶ እየፈለጥኩ ስቆረጥም እውላለሁ። ጥርሴን ያየችው ነርስ፣ «ቀዝቃዛ ውሃ ጠጪ፣ ማንም አይከለክልሽም። በረዶውን ግን አትቆርጥሚው፤ ጥርስ ይሰነጥቃል» ብላኝ ነበር። እሺ አልኳት። እሺ ማለት ምን ይከብዳል።

አባቴ ቤተ ልሔም በሚባለው ደብር የቆሎ ተማሪዎችን ዜማ ያስተምራሉ። ጢማቸው ሸብቶም ጥርሳቸው አንድ አልጎደለም፤ ዕድሜ ልካቸውን ቆሎ ሲቆረጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። በሁዳዴ አንድ አርብ ቀን ገበያ መጡና እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ውለው ሱቄ ገቡ። ላባቸው ሲንጠባጠብ አላስችለኝ አለና በረዶ በሳህን አቀረብኩላቸው።

«ይኼ ገብሳችንን የሚያጠፋው አይደለም እንዴ?» አሉ።

«ዛሬ እኛ እናጥፋው፣ አባዬ» አልኩና አንዱን ቆርጠም አደረግሁት።

እሳቸውም እኔን አይተው ትልቁን አነሱ፤ በፊት ጥርሳቸው ገመጡት። ወዲያው አፋቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ሸፈኑ። የአንዱ የላይኛው የፊት ጥርሳቸው እኩሌታ መዳፋቸው ላይ ነበር።

«ግድ የለም፤ ለቆሎ ሌላ ጥርስ አለኝ» አሉ። ሲናገሩ በክፍተቱ ፉጨት ሾለከ።

ለቆሎስ ይኑር፤ ለዜማስ? የእሳቸው ተማሪ ዜማውን የሚይዘው ከአፋቸው ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ልቤ አላርፍ አለ። ሱቄን ከፍቼ እዘጋለሁ፣ ዘግቼ እከፍታለሁ። ማክሰኞ ጠዋት ቤተ ልሔም ሄድኩ።

አባቴ ከአንድ ዛፍ ሥር አዲሶቹን ተማሪዎች ዜማውን እያስከተሉ ያስቀጽላሉ። አባቴ ሲመሩ ፉጨቷ አብራ ወጣች። ተማሪዎቹ ተቀበሏቸው፤ ከነፉጨቷ። አንድም የሳቀ የለም። ዜማው እንዲያ መስሏቸው አንዲት ሳያጎድሉ ነው የያዙት። አባቴ ቀስ ብለው ደገሙላቸው፤ እነሱም ቀስ ብለው አፏጩ።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ። አባቴ ዜማውን ቀድሞ የያዘ አንድ ነባር ተማሪ ጠርተው በቦታቸው አስቀመጡት። እሳቸው መቋሚያቸውን ይዘው ከሁሉም ኋላ፣ እኔ አጠገብ መጥተው ተቀመጡ።

«አባዬ፣ ነርሷ እኮ ነግራኝ ነበር» አልኳቸው።

«ታዲያ አንቺስ ተውሽ?»

ያን ጠዋት ሱቄን ስቆልፍ እንኳ አፌ ውስጥ በረዶ ነበር።