ከረጢቶቹ እስኪሞሉ

ጋሼ የምለው ታላቅ ወንድሜ ሆሳዕና ከተማ ባዮሎጂ ያስተምር ነበር። ከቀበሌ ስብሰባ መፈክር ሳሰማ ውዬ ስመለስ መናገር ያቅተኛል። እናታችን ትደነግጣለች።

«ልጄን ምን አደረጉት?»

ጋሼ ግን ይስቃል። «ተይው እማዬ። የነርቭ ሴል መልእክቱን የሚያወጣው በጥቃቅን ከረጢቶች ነው። ባዶው ከረጢት አይጣልም፤ ሴሉ ከቆዳው መልሶ ይስበውና ይሞላዋል። የሱም እየተሞላ ነው።»

«ከአንጋጫ የምትመጣው ቅቤ ሻጭ ባዶ ቅሏን ልትሞላ ይዛ እንደምትመለሰው?»

«ልክ እንደሷ።»

በኋላ ጋሼ ራሱ ታሞ ዝም ያለ ቀን እናታችን አልጋው አጠገብ ተቀምጣ፣ «እየተሞላ ነው፣ ጠብቁት» አለችን። ጠበቅነው። ዳግመኛ አልተናገረም።

በማዕድ ላይ ሁልጊዜ ቀድሞ አሜን የሚለው እሱ ነበር። አሁን እናታችን ጸሎቷን ጨርሳ ጥቂት ትቆያለች። እኛም አንቀድመውም።