ጥምጣም የተፈታበት ኩርባ

የንስሐ አባታችን ሞተር ላይ መውጣት የጀመሩት በቅሏቸው ከሞተች በኋላ ነው። እኔ ያን ጊዜ የቀበሌ የግብርና ባለሙያ ነበርሁ። ከፍኖተ ሰላም ተነስቼ በማንኩሳ በኩል ወደ ገጠር እገባለሁ፤ የእሳቸውም ደብር እዚያው መንገዴ ላይ ነው። ከተማ ካለው ልጃቸው ቤት ባደሩ ቁጥር ጧት ደጄ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል።

"መንገድህ ነው ወይ?" ይሉኛል፣ መንገዴ እንደሆነ እያወቁ።

"መንገዴ ነው፣ አባ። ይውጡ።"

ጋቢያቸው ከኋላ ጎማው እንዳይገባ ጫፉን ሰብስበው ወገባቸው ላይ ይሸጉጡና ይቀመጣሉ። ሄልሜት ግን በጄ አይሉም። ትርፉን ሄልሜት ሁልጊዜ ይዤላቸው እመጣለሁ፤ እሳቸው ያዩትና ፈገግ ይላሉ።

"ቄስ በጥምጣሙ ላይ ድስት ደፍቶ ሲሄድ አይተሃል?"

"ራስ አንድ ነው፣ አባ።"

"እሱስ አንድ ነው" ይላሉ፤ ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል።

በጉዞ ብዙ አንነጋገርም፤ ነፋሱ ቃል ይነጥቃል። አንዳንድ ቦታ ስንደርስ ግን ትከሻዬን በጣታቸው መታ ያደርጉኛል። እኔም ፍጥነት እቀንሳለሁ። መጀመሪያ ፈርተው መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከባሕር ዛፎቹ ጥላ ሥር ካለው ኩርባ ላይ ሲነኩኝ አቁሜ ጠየቅኋቸው።

"አባ፣ እዚህ ቦታ ሁልጊዜ የሚነኩኝ ምን አይተው ነው?"

"እዚህ የወደቀ አንድ ጎልማሳ ፈትቻለሁ።"

ፍትሐቱን ማለታቸው ነው። በዚያ መንገድ ሞተር የጣላቸውን የአጥቢያቸውን ሰዎች ሁሉ የቀበሩ እሳቸው ነበሩ። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ኮረኮንቹ ከአስፋልቱ የሚገናኝበት፣ ጠጠር ተበትኖ ጎማ የሚያንሸራትተው ቦታ፤ ቁልቁለቱ ድልድዩ ላይ የሚያልቅበት፤ በገበያ ቀን ከብት ድንገት የሚያቋርጥበት፤ ወደ ቡሬ ሲሄዱ የማታ ፀሐይ ፊት ለፊት ዓይን ውስጥ የምትገባበት ሜዳ። እያንዳንዱን ሲነግሩኝ የማን ልጅ እንደነበርና እናቱ ምን ብላ እንዳለቀሰች ጭምር ነው። ኩርባ ሳይገቡ ፍጥነት መቀነስን፣ በቀንም መብራት ማብራትን፣ ከጭነት መኪና ኋላ ራቅ ማለትን ሥልጠና ላይ ተምሬዋለሁ። በእሳቸው አፍ ሲነገረኝ ግን ሟቹን የማውቀው ያህል ይሰማኝ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ካፊያ አባርቶ መንገዱ ገና ሳይደርቅ፣ ሦስት ሰው የጫነ ሞተር ጡሩምባ እየነፋ አለፈን። ሄልሜት ያደረገ የለም። ነጂውን በመልክ እናውቀዋለን፣ የዚያው አገር ጎረምሳ ነው። ወዲያው ያ የባሕር ዛፎቹ ኩርባ ዋጣቸው፤ ቀጥሎ ብረት አስፋልት ሲፍቅ ተሰማ።

ስንደርስ ሁለቱ ቦዩ ውስጥ ተቀምጠው የተላላጠ ክንዳቸውን ያያሉ። ነጂው መንገዱ ዳር ተዘርሯል፤ ከራሱ ደም ይፈሳል። እርጥብ ቅጠልና ከብት የረገጠው ጭቃ ነበር ያንሸራተታቸው። ሞተሬን ራቅ አድርጌ መብራቱን እንዳበራሁ አቆምሁ፤ ቅርንጫፍ ሰብሬ መንገዱ ላይ ጣልሁ፤ መራመድ የቻለውን መኪና እንዲያስቆም ወደ ላይ ላክሁት። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች ልጁን ብድግ ሊያደርጉት ሲሉ፣

"አታንሱት፣ አንገቱን አታንቀሳቅሱት" አልሁ፤ አምቡላንስም ደወልሁ።

ቀና ስል የንስሐ አባታችን ተንበርክከው ጥምጣማቸውን ይፈታሉ።

"አባ፣ ጥምጣምዎን?"

"ሞቶ ከምፈታው፣ ጥምጣሜን ብፈታለት አይሻልም?"

ጨርቁን አጣጥፈው ቁስሉ ላይ ያዙለት፤ አምቡላንሱ እስኪመጣ እጃቸውን አላነሱም። ልጁ ሲያቃስት "አለሁ፣ አለሁ" ይሉታል። ራሳቸውን ያን ቀን ነው መጀመሪያ ያየሁት፤ ፀጉራቸው ሳስቶ እንደ ጥጥ ነጭቷል።

ልጁን ወስደውት ወደ ሞተሩ ስንመለስ እጃቸውን ዘረጉልኝ።

"እስቲ ያን ድስት ስጠኝ።"

ጺማቸውን እንዳይዝባቸው ተጠንቅቄ ማሰሪያውን አገጫቸው ሥር ቆለፍሁላቸው። ቀስ ብዬ እየነዳሁ እስከ ደብሩ አደረስኋቸው።

ልጁ ተረፈ። ግንባሩ ላይ ጠባሳ ቀረ፣ አንድ ጆሮውም በደንብ አይሰማም። በደብሩ ንግሥ ቀን ከእናቱ ጋር አዲስ የጥምጣም ጨርቅ ይዞ መጣ። የንስሐ አባታችን ተቀብለው መረቁትና፣

"ይኸ ለእኔ ነው። አንተስ ለራስህ ምን ገዛህ?" አሉት።

ልጁ ነገሩ ገብቶት አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲህ ባየሁት ቁጥር ሄልሜት አድርጎ ነው፤ ከኋላውም ከአንድ ሰው በላይ ጭኖ አላየሁትም። እሳቸውም ጥምጣማቸውን ከመስቀላቸው ጋር በከረጢት ይይዙና ከቤተ ክርስቲያኑ በር ስንደርስ ይጠመጥማሉ።

ባለቤታቸው ሲሞቱ መነኮሱ፤ ከጢስ ዓባይ ማዶ ወዳለ ገዳምም ገቡ። ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ድረስ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ።

"እዚያም ድረስ በሞተር ላድርስዎ?"

"ሩቅ ነው፣ ልጄ። መመለሻህን ሳስብ አልተኛም" አሉና አውቶቡሱ ላይ ወጡ። በመስኮቱ ባረኩኝ።

አሁን ሥራዬ ወደ ቡሬ ተዛውሯል። ከኋላዬ የምርጥ ዘር ጆንያ እጭናለሁ፣ አንዳንዴም ባልደረባ አፈናጥጣለሁ። ጆንያው ከእሳቸው ይከብዳል፤ ግን የእሳቸውን ክብደት ጀርባዬ ይፈልገዋል። ዳገት ስንወጣ ዳዊት ሲደግሙ የሞተሩ ድምፅ ይውጣቸው ነበር፤ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ዝም ሲል ከመዝሙሩ መካከል ላይ እሰማቸው ነበር። አሁን ቁልቁለት በጀመርሁ ቁጥር ጆሮዬ ይቆማል፣ ነፋስ ብቻ ነው። በመንገዱ ላይ ሰው የወደቀባቸው አዳዲስ ቦታዎች ተጨምረዋል። የማን ልጅ እንደሆነ የሚነግረኝ ስለሌለ፣ ቀስ ብዬ አልፋለሁ እንጂ ማንን እንደማስብ አላውቅም።

በቀደም ከገዳሙ የመጣ ዲያቆን አግኝቼ ጠየቅሁት። ዓይናቸው ደክሟል፣ ግን ደኅና ናቸው አለኝ። ፍልሰታ ሲፈታ ልሄድ ቆርጫለሁ። የማላውቀው መንገድ ስለሆነ በአውቶቡስ ነው የምሄደው፤ እሳቸውም እንደዚያ ቢሆን ይወዳሉ።